በጋሽ ሽኩር ግቢ የተከለከለች ቃል

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የልምምድ ግቢያችን ዘበኛ የእንጨቱን ደረጃ እያንቋቋ ወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቡናማ ፖስታ አስቀመጠ። «ጋሽ ሽኩር ለራሄል ስጥልኝ ብለውኝ ነው» አለ። ራሄል እኔ ነኝ። ለምን ራሳቸው እንዳልመጡ ስጠይቀው ትከሻውን ሰብቆ ወረደ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛው የጋሽ ሽኩር የራሳቸው የፎርክሊፍት ኦፕሬተርነት የብቃት ማረጋገጫ ነው፤ በላስቲክ የተለበጠ፣ ጠርዙ የተበላ። ሁለተኛው ሠልጣኞችን የምንፈትንበት ቅጽ ነበር። በተፈታኙ ስም ቦታ «ሽኩር» ተብሎ ተጽፏል። በፈታኙ ስም ቦታም «ሽኩር»። ከታች፣ ውጤት በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ተጠንቅቀው በሚጽፉት በዚያ ፊደላቸው፣ «አልበቃም» ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን ጋሽ ሽኩር በቅጽ ላይ አይቀልዱም።

የምሠራው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ የማሠልጠኛ ተቋም ነው። ፎርክሊፍትን፣ ከፊቷ ሁለት የብረት ሹካ ያላትን፣ ጭነት አንሥታ መደርደሪያ ላይ የምትሰቅለውን መኪና የሚነዱ ሰዎችን እናሠለጥናለን። እኔ ኢንዱስትሪያል ምህንድስና ተምሬ የገባሁት የደኅንነቱን ትምህርት በክፍል ውስጥ እንድሰጥ ነው። ጋሽ ሽኩር ወደ አትክልት ተራ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ባለው ግቢ ተግባሩን ያስተምሩ ነበር። ማረጋገጫው እንዲሰጥ ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል፤ የክፍሉ የእኔ፣ የግቢው የእሳቸው።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምሴ ቅጹን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሁልጊዜ የሚቸኩሉ ሰው ናቸው። በማግስቱ አራት ሠልጣኞች የተግባር ፈተና ነበራቸው። ሦስቱ ቢዘገዩም የሚጎዱት ነገር የለም። አራተኛው አሸናፊ ግን ዘጠኝ ዓመት ጆንያ በተሸከመበት መጋዘን ኦፕሬተር ሊሆን ነው፤ ወረቀቱን እስከ ረቡዕ ካላመጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ተብሏል። ጋሽ ሽኩር ደግሞ አሸናፊን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጥለውታል። የወደቀ ሰው ሁለት ሙሉ ቀን ሳይለማመድ ዳግመኛ አይፈተንም። ስለዚህ ማክሰኞ ከወደቀ አለቀለት።

አቶ ደምሴ ነገሩን አለሳልሰው አቀረቡት። እኔም ከሁለት ወር በፊት የግቢውን ፈተና አልፌ በተግባር እንድፈትን ተፈቅዶልኛል። ስለዚህ ሁለቱም ቦታ ላይ እኔው ብፈርም ሕገ ወጥ አይሆንም። ልጁን ያሠለጠኑት ጋሽ ሽኩር ናቸው፤ ከእሳቸው በላይ ልፈትነው ነው? ወገቡ የተጎዳ ሰው ነው፤ ዛሬ ፈርሜለት እፎይ ይበል። «እሺ፣ ላስብበት» አልኩ። «እምቢ» ማለት ሲያቅተኝ የምለው ይህንኑ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻዬን አንድም ሰው ፈትኜ አላውቅም ነበር።

ስለ ጋሽ ሽኩር ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ቱታቸው ነው። ግራጫ ነው፤ እንደ ሙሽራ ሱሪ ተተኩሶ መሐሉ ላይ መስመር ወጥቶለታል። መኪናዋ ላይ ከመውጣታቸው በፊት መዳፋቸውን ጎኗ ላይ አድርገው አንድ ጊዜ ይዞሯታል። ጎማውን፣ ሰንሰለቱን፣ ሹካውን፣ ከሥር የፈሰሰ ዘይት እንዳለ ያያሉ። በቀን ሃያ ጊዜ ቢወጡባት ሃያ ጊዜ ይዞሯታል። አንድ ሠልጣኝ «ጋሼ፣ አሁን አይደል እንዴ የወረዱት?» ቢላቸው፣ «የወረድኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ምን ስታደርግ እንደቆየች በምን አውቃለሁ?» አሉት።

ፍሬን አያያዝ የሚያስተምሩት በማኪያቶ ነበር። ግቢው በር ላይ ካለው ካፌ እስከ አፉ የተሞላ ማኪያቶ ያስመጡና ጭነት በሚደረደርበት ባዶ የእንጨት ርብራብ፣ በፓሌት ላይ ያስቀምጡታል። ሠልጣኙ ፓሌቱን አንሥቶ ግቢውን ዞሮ ይመለሳል። ጠብታ ካልፈሰሰ ማኪያቶው የሱ ነው። ከፈሰሰ ጋሽ ሽኩር የቀረውን ራሳቸው ይጠጡትና «የዛሬው ደግሞ ስኳር ይጎድለዋል» ይላሉ። በዚህ ምክንያት አዲስ ሠልጣኞች በመጡ ሳምንት እንቅልፍ አይወስዳቸውም ይባል ነበር።

በዚያ ግቢ አንዲት ቃል ክልክል ናት፤ «በቃ»።

«ና፣ ና፣ ና፣ በቃ» እያለ መኪና ያላስቆመ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጋሽ ሽኩር ግን ቃሏ ሁለት ፊት አላት ይሉ ነበር። «በቃ» ማለት ቁም ነው። «በቃ» ማለት ደግሞ ተስተካክሏል፣ ጨርስ፣ ልቀቀው ማለት ነው። ሞተር በሚጮህበት ቦታ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የተናገረው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ «ቁም» ይባላል፤ ሌላ ነገር አይባልም። «በቃ» ያለ ሠልጣኝ እየነዳም ይሁን እየመራ፣ ሥራውን አቁሞ የመኪናዋን ፍተሻ ከጎማው ጀምሮ እንደገና ይሠራል። ቃሏ ከአፍ የምትወጣው ሳይታሰብ ስለሆነ የመጀመሪያው ሳምንት በሙሉ ጎማ በመፈተሽ ያልቃል።

ይህን የሰማው አሸናፊ ነበር በሁለተኛው ቀን እጁን አውጥቶ የጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ታዲያ የብቃት ማረጋገጫችንን ምን ብለን እንጥራው?»

«ወረቀቱ ሲደርስህ ቢሮ ሄደህ እንደፈለግህ ጥራው» አሉት። «እዚህ ግቢ ውስጥ የበቃ ሰው የለም። የበቃ ሰው ከፈለግህ ገዳም ሂድ።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። እሳቸው አልሳቁም፤ ጢማቸውን ግን በእጃቸው ሸፈን አደረጉ። ሳቅ ሲመጣባቸው የሚያደርጉት እንደዚያ ነበር።

ቃሏን ለምን እንደጠሏት የነገሩኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ወጣት ሳሉ አትክልት ተራ ተሸካሚ ነበሩ። በኋላ አንድ መጋዘን ገብተው ፎርክሊፍት ለመዱ። ያስለመዳቸው ሰው ያሳያቸው መሪውንና ማንሻውን ብቻ ነው፤ በግማሽ ቀን ኦፕሬተር ተባሉ። ከድር የሚባል አብሯቸው የተሸከመ ጓደኛቸው ከታች ሆኖ ይመራቸው ነበር። አንድ ቀን ስኳር የተደረደረበት ፓሌት እያወረዱ ሳለ ከድር እግሩ ከሥር መግባቱን አየና «በቃ፣ በቃ» አለ። ጋሽ ሽኩር ቦታውን ያዘ፣ ልቀቀው ያላቸው መሰላቸው። ለቀቁት። ከድር ዛሬም ያነክሳል። ለዒድ ከሶላት በኋላ ጋሽ ሽኩር መጀመሪያ የሚሄዱት እሱ ቤት ነው። ታሪኩን ሲጨርሱ «እሱ ተቀይሞኝ አያውቅም» አሉኝ። «ቃሏን ግን እኔ ተቀየምኳት።»

እኔ ግቢው ውስጥ እንዴት እንደገባሁም ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ክፍሌ በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡኝ ቆዩና፣ ሠልጣኞቹ ሲወጡ «የምታስተምሪውን ነድተሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም። «እንግዲያው ነገ ጫማሽን ቀይረሽ ነይ።» ድምፄ ትንሽ ነው፤ ከሦስተኛው ወንበር አያልፍም። ሠልጣኞቹ «ቫይብሬት» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። ጥሪው ይመጣል፣ ድምፅ ግን የለም ለማለት ነው። ግቢ በገባሁ ቀን ጋሽ ሽኩር መኪናዋን ወደ ኋላ እየነዱ እኔ እንድመራቸው አደረጉ። ከግድግዳው አንድ ክንድ ሲቀራቸው ከአፌ የወጣው «በቃ… ይቅርታ፣ ቁሙ» የሚል ሹክሹክታ ነበር። ግድግዳውን ነኩት። ወረዱና የተላጠውን ቀለም በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይቅርታሽ መሐል ገብታ ነው የገጨሁት» አሉ። አልተቆጡም። ከዚያ አጠገቤ መጥተው ክንዴን ይዘው እስከ ጫፉ ዘረጉት፤ መዳፌንም ወደ ፊት ከፈቱት። «ድምፅሽ ትንሽ ከሆነ እጅሽን ትልቅ አድርጊው። ነጂው የሚያይበት ቦታ ቁሚ። እሱን ማየት ያልቻልሽበት ቦታ ላይ ከቆምሽ እሱም አያይሽም።» ያን ቀን ክንዴን ዘርግቼ ስንት ሰዓት ቆሜ እንደዋልኩ አላስታውስም። ትከሻዬ ሳምንት ታመመ። ከዚያ በኋላ ግን ክፍል ውስጥም እጄን እያነሣሁ ማስተማር ጀመርኩ፤ የኋላ ወንበር ያሉትም ዝም ብለው ማዳመጥ ጀመሩ።

ሦስት ጊዜ ጣሉኝ፤ በአራተኛው አለፍኩ። ሲጥሉኝ የወደቅሁበትን ነገር ብቻ ነበር የሚነግሩኝ፤ ጎበዝ ነሽም፣ ሰነፍ ነሽም አይሉም። ሲያሳልፉኝም እንዲሁ። ቅጹን ፈርመው ሰጡኝና «ሰኞ እንገናኝ» አሉኝ።

አሸናፊ የእኔ ተቃራኒ ነው። ውቤ በረሃ ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ምላሱ ፈጣን የሆነ ሰው ነው። ሲነዳ ማየት ያስደስታል። ማኪያቶ አፍስሶ አያውቅም፤ አንዴም ሁለት ብርጭቆ ይደረግልኝ ብሎ ሁለቱንም ጠጥቷል። ችግሩ ወደ ኋላ ሲነዳ ነበር። ወደ ኋላ ማየት ሲገባው የሚያየው የሚያዩትን ሰዎች ነው። ጋሽ ሽኩር ሁለት ጊዜ የጣሉት በዚሁ ነው። «እጁ ሠልጥኗል፣ አንገቱ ነው የቀረው» ይሉ ነበር። አሸናፊም ይሰማና «አንገቴ ዘጠኝ ዓመት ጆንያ ሥር ነው የኖረው፤ መዞር እንደሚቻል የሰማው ገና አሁን ነው» ይላል። ይስቃል፤ ግን ከመቀመጫው ሲወርድ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ እንደሆነ ሁላችንም እናያለን።

እንግዲህ ያን ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ የአሸናፊን ቅጽ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ወደ ጋሽ ሽኩር ቤት ወረድኩ። ቤታቸው ከአትክልት ተራ ጀርባ ነው። ጎረቤታቸው ሱቅ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያለ ቱታ አይቻቸው ስለማላውቅ መጀመሪያ አልፌያቸው ሄድኩ።

«ራሄል» ብለው ጠሩኝ። «እኔ ነኝ የማላየው ወይስ አንቺ?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ግቢው ባዶ ሆኖ ሳለ ራሳቸውን እንደፈተኑ ነገሩኝ። ጥቂት ወራት ቀኝ ዓይናቸው ሲጨልም ከርሟል፤ እሳቸው ግን መብራቱ ነው፣ አቧራው ነው ሲሉ ቆይተዋል። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ፓሌት ሰቅለው ሊያወርዱ ሹካውን ከፍ አደረጉ። ሹካው ከፓሌቱ ቀዳዳ የገባ መሰላቸው። የገባው ግን ወደ ጎን ስንዝር ስቶ ነው፤ ጣውላውን ሰብሮ ወጣ። ወርደው ፍርስራሹን ጠረጉ፤ ከዚያ ቅጹን ሞሉ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ብሏቸዋል። ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

«ብነግርሽ ታዝኚልኛለሽ» አሉ። «ካዘንሽልኝ ታሳልፊኛለሽ።»

ያኔ የአሸናፊን ነገር አወጣሁት። አቶ ደምሴ ያሉኝን፣ የረቡዑን ቀን፣ የወገቡን ነገር፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፈርሚ ወይም አትፈርሚ እንዲሉኝ ነበር የመጣሁት። ማናቸውንም ቢሉኝ አደርገው ነበር፤ ኃላፊነቱ የእሳቸው ይሆንልኛል።

«አሸናፊ ሥራ ሲጀምር ከመኪናው ኋላ የሚቆመው ማን ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። የአሸናፊን ስም እናውቃለን፤ ወገቡን እናውቃለን። የዚያን ሰው ግን ስሙን እንኳ አናውቀውም። ቢሮ መጥቶ አይለምንሽም። እኛ ፈተና የምንፈትነው ለእሱ ነው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ምን እንደምትፈርሚ ግን አልነግርሽም። እኔ ዛሬ ፈታኝ አይደለሁም።»

ስነሣ እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው ሲድን ለፈተና እንደሚመጡ፣ የምፈትናቸውም እኔ እንደሆንኩ ነገሩኝ። ብጥልዎትስ አልኳቸው፤ እንዲህ ያለ ቀልድ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈን አደረጉ።

በማግስቱ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግቢ ነበርኩ። አቶ ደምሴ ሲመጡ ቅጹን ባዶውን አሳየኋቸውና፣ አሸናፊን እንደማንኛውም ሰው እፈትነዋለሁ አልኳቸው። አንድ ነገር ሊሉ ጀመሩ፤ ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ጥግ ላይ ቆሙ።

አሸናፊን መጀመሪያ ጠራሁት። ጋሽ ሽኩር እንደማይመጡ ሲሰማ ቀልዱ ጠፋበት። ያን ቀን የነዳውን አነዳድ አልረሳውም። መኪናዋን ዞራት። ቀበቶውን አሠረ። ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር አንገቱን እስከ ትከሻው አዞረ፤ መታጠፊያው ላይ ክላክስ አደረገ፤ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ የሰቀለው ፓሌት በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያለ ነበር። ሠልጣኞቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። አሸናፊ መኪናዋን መስመሩ ውስጥ አቆመ፤ ፊቱ እየበራ ዘሎ ወረደና ወደ እኔ መጣ።

«ቲቸር፣ አንገቴን አየሽው?»

አየሁት አልኩት። አንገቱ እንከን እንደሌለው ነገርኩት። ከዚያ እጄን ዘርግቼ መኪናዋን አሳየሁት። ቁልፉ አልተነቀለም፤ ሞተሩ እንደተነሣ ነው። ሹካው ደግሞ መሬት አልወረደም። የሰው ቅልጥም በሚመታ ከፍታ ላይ ወደ ጓደኞቹ ተደግኖ ቆሟል። አንደኛው ሊያቅፈው እየሮጠ ሲመጣ በሹካው ጫፍ አጠገብ አልፎ ነበር።

አሸናፊ አየው። ብዙ ምክንያት ሊያቀርብ ይችል ነበር፤ ምላሱ አያንሰውም። ተመልሶ ሄደ፤ ሹካውን መሬት አስነካ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ቁልፉን ነቅሎ አምጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «ረቡዕ እኮ ነገ ነው» አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ እኔ በምናገርበት ድምፅ።

ቅጹ ላይ «አልበቃም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም ምክንያቱን፣ ዓርብ ጠዋት ዳግመኛ እንደሚፈተንም ጻፍኩና ፈረምኩ።

ከዚያ ከአሸናፊ የመጋዘኑን ኃላፊ ስልክ ተቀበልኩ። ለማላውቀው ሰው መደወል ከሁሉም የሚከብደኝ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጽፌ ነው የምገላገለው። መደርደሪያዎቹ ጀርባ ሄጄ ደወልኩ።

«ማን ልበል?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«ራሄል እባላለሁ። የአሸናፊ ፈታኝ ነኝ።»

አለፈ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዛሬ ወድቋል አልኳቸው። ወድቆ ነው ወይ የምደውልላቸው አሉ፤ ከኋላቸው ጭነት የሚወርድበት ድምፅና የሰዎች ጫጫታ ይሰማ ነበር።

«አዎ» አልኩ። «ዛሬ የማለፊያ ወረቀት ብሰጠው ኖሮ እርስዎ መውደቁን አያውቁም ነበር። ስለዚህ ዓርብ የምሰጠውን ማመን ይችላሉ። እስከ ዓርብ ቦታውን ለሰው አይስጡበት።»

ኃላፊው በምን እንደወደቀ ጠየቁኝ። ሹካውን ሳያወርድ መውረዱን ነገርኳቸው። ከቅርብ ጊዜ በፊት በዚያው መጋዘን አንድ ሰው በቆመ ፎርክሊፍት ሹካ ተጠልፎ እጁን መሰበሩን የነገሩኝ ያኔ ነው። «እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት» አሉ። «ከስድስት ሰዓት በኋላ ግን እንዳትደውዪልኝ።»

አሸናፊ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቁልፉን መልሼ ሰጠሁትና ሹካውን አሥር ጊዜ እያወረደ፣ አሥር ጊዜ ሞተር እያጠፋ እንዲለማመድ፣ ግን የሌሎቹ ፈተና እስኪያልቅ እንዲጠብቅ ነገርኩት። እሺ ቲቸር አለ። ቅጾቼን አስተካክዬ፣ ነጂው የሚያየኝ ቦታ ላይ ቆምኩና ቀጣዩን ተፈታኝ ጠራሁ።